ደንቡን ላስረዳችሁ ባዩ ሙጃሂድ

በየከተማው አንድ አለ። ውሃ የሌለው ከተማ አይተናል፤ ሐኪም የሌለው ከተማም አይተናል፤ ደንብ አስረጂ የሌለው ከተማ ግን ገና አልተቆረቆረም። ይህ ሰው ጠፍጣፋ ነገር ካየ እጁ አያርፍም። ጠረጴዛ ይሁን፣ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ይሁን፣ የቆመ ሚኒባስ ኮፈን ይሁን፣ ዞር ብላችሁ እስክትመለሱ ቆርኪ ደርድሮበት ታገኙታላችሁ። እናንተም መቼስ እንጫወት ብላችሁ ቁጭ ስትሉ፣ "ቆይ፣ መጀመሪያ ደንቡን ላስረዳችሁ" ይላል። ያን ጊዜ ብልህ የሆነ ሰው ስልክ የተደወለለት መስሎ ይነሳል።

የእኛው ከተማ የመርሳው ሙጃሂድ ይባላል። ከአስፋልቱ ዳር፣ ፓፓያና ማንጎ ከሚደረድሩት ሴቶች ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ ማመልከቻ ይጽፋል፣ የትምህርት ማስረጃ በላስቲክ ያሽጋል። ይህ እንጀራው ነው። ነፍሱ ያለችው ግን ጨዋታ ላይ ነው። ዳማ በሉት፣ ገበጣ በሉት፣ ሉዶ በሉት፣ ቼዝ በሉት፣ የእያንዳንዱን ደንብ ከነቅርንጫፉ ያውቃል። እኛም ማዕረግ አልነፈግነውም። በደህናው ቀን "ክቡር ዳኛ" እንለዋለን፤ ሲያማርረን ደግሞ "ሸህ ደንቡ"።

አንድ ጊዜ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሚኒባስ ውርጌሳ ላይ ጎማው ፈነዳ። ክቡር ዳኛ ተሳፋሪ ነበሩ። ረዳቱ ጎማ እስኪቀይር ድረስ ሾፌሩን ቁጭ አድርገው ዳማ ጀመሩት። ጎማው ተቀየረ፣ ተሳፋሪው ገባ፣ ፀሐዩ በረታ፣ ሾፌሩ ሊነሳ ሲል "ተራ አይዘለልም" ተባለ። ያን ቀን ወልድያ ጉዳይ የነበረው ሰው ሁሉ የደረሰው ቢሮ ከተዘጋ በኋላ ነው። ሾፌሩ እስከ ዛሬ ሙጃሂድን ሲያይ ፍሬን አይዝም።

ከሁሉ የሚብሰው ሐቀኝነቱ ነው። አጭበርብሮ ቢያሸንፍ ተጣልተነው እንገላገል ነበር። እሱ ግን የሚፈርደው መጀመሪያ በራሱ ላይ ነው። አንዴ ሊያሸንፍ አንድ እርምጃ ሲቀረው፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት ቆርኪ በተሳሳተ መስመር ማንቀሳቀሱ ትዝ አለው። ማንም አላየበትም። ራሱን ቀጥቶ ተሸነፈ። ተጋጣሚው እንዴት እንዳሸነፈ አሁንም አልገባውም፤ ሙጃሂድ ሊያስረዳው ሲጀምር ስልክ ተደወለለት።

ይህ ሰው የራሱ ጨዋታም አለው። ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጥቶ መብራትም ኔትወርክም ጠፍቶ ሁላችንም በየቤታችን በተከተትንባቸው ወራት፣ በተበላሹ ፎቶ ኮፒዎች ጀርባ ላይ እየሣለ የሠራው ነው። ተጫዋቾቹ ከደሴ ወልድያ የሚመላለሱ የሚኒባስ ሾፌሮች ናቸው። መኪኖቹ ቀለም የተቀቡ ቆርኪዎች ናቸው። ዳይስ ይወረወራል፣ መኪናው ይሄዳል፣ በየፌርማታው ካርድ ይነሳል። አንዱ ካርድ፣ "መርሳ ላይ ተሳፋሪዎችህ ብርቱካን ሳንገዛ አንሄድም ብለው ወረዱ፤ ሁለት ተራ እለፍ" ይላል። ሌላው፣ "ሲሪንቃ ላይ የተሳፈሩት ሰውዬ ስለ ማሽላ ዘር ማውራት ጀመሩ፤ ረዳትህን እንቅልፍ ወሰደው፤ ሂሳብ ሳትቀበል ወደፊት ሂድ" ይላል። ካርዶቹ ዘጠና ስድስት ናቸው፣ የደንቡ መጽሐፍ ዘጠኝ ገጽ ነው። እስከ ሦስተኛው ገጽ የዘለቀ የመርሳ ሰው አልነበረም። የገዛ ወንድሙ ሁለተኛው ላይ ነው የሸሸው።

ሉብና አብዱልሐሊምን ያገኛት በጠረጴዛዋ ምክንያት ነው። ሉብና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፤ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፅ ሰው ከአዳራሽ ማስወጣት ታውቅበታለች። መጽሐፍ የፈለገ መታወቂያውን ያስይዛል፣ እሷ መሳቢያዋ ውስጥ ታስገባዋለች፣ መጽሐፉ ሲመለስ መታወቂያው ይመለሳል። ለተማሪም ለባለሥልጣንም ይኸው ነው። ዘመድ ነኝ ያላትን የአክስቷን ልጅ ሳይቀር፣ መታወቂያ ካላመጣህ ብላ በመጣበት መልሳዋለች።

ከመታወቂያው ይልቅ የምትታወቀው ግን በማህተሟ ነው። በዚያው ክፉ ጊዜ የቤተ መጻሕፍቷ በር ተሰብሮ መጻሕፍቱ በየቦታው ተበትነው ነበር። ነገሩ ሲረጋጋ ሉብና ሱቅ ለሱቅ ዞረች። በርበሬና ስኳር ሊጠቀለልባቸው ከተከመሩ ወረቀቶች መሐል ማህተሟን እየፈለገች ሦስት መቶ አሥራ ሁለት መጻሕፍት መለሰች። ማህተም ያልነበረባቸውን ግን የእኛ ናቸው ብላ ማስረዳት ስላልቻለች፣ እያየቻቸው ትታቸው ተመለሰች። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር የገባ ወረቀት ሁሉ፣ ቀን ያለበት ማህተም ሳያርፍበት አያድርም። ጥበቃው ጋሽ ወንድሙ ምሳውን የጠቀለለበት ጋዜጣ ሳይቀር ተመቶበት እንዳገኘው በመድኃኔዓለም ይምላል።

እንግዲህ ሙጃሂድ አንድ ቀን ለተማሪ ወረቀት ሊያደርስ ገብቶ፣ በመርሳ ትልቁ ጠረጴዛ ያለው እዚያ አዳራሽ ውስጥ መሆኑን አየ። በማግስቱ አራት ሰው አስከትሎ፣ ቆርኪውን በከረጢት ይዞ መጣ። ሉብና ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ እዚህ ይነበባል እንጂ ጨዋታ የለም አለችው። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይቆጣል ወይ ይለማመጣል። ሙጃሂድ ግን በአክብሮት፣ "የት ተጽፏል፣ እህቴ?" ብሎ ጠየቀ።

ግድግዳው ላይ አሥራ ሁለት አንቀጽ ተለጥፏል። መጮህ፣ መብላት፣ ጫት መቃም፣ ገጽ ማጠፍ፣ ሌላም ሌላም ክልክል ነው። ቆመው ሁለቱም ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ስለ ጨዋታ አንድም ቃል የለም። ሉብና ጆሮዋ ቀላ፤ እስክሪብቶ አንስታ ከሥሩ አሥራ ሦስተኛውን ጻፈች፤ ዳማ፣ ካርታና ማናቸውም የጠረጴዛ ጨዋታ የተከለከለ ነው። ሙጃሂድ ጽሑፉን ተጠግቶ አየና ማህተም የለውም አላት። መታችበት። እሱም ቆርኪውን ሰብስቦ፣ አራቱን ሰዎች አስወጥቶ፣ መታወቂያውን አስይዞ መጽሐፍ ጠየቀ። ጋሽ ወንድሙ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ ይላል። እኛም አሁን ላይ ሆነን ስናስበው የገባን ይመስለናል።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይመጣ ጀመር። መጽሐፍ ሲመልስ በየትኛው ገጽ ምን ስህተት እንዳለ የጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አብሮ ያስገባል። ሉብና በመጀመሪያ ተናደደች፣ ቀጥሎ ስህተቶቹን አጣራች፣ ቀጥሎ ልክ ሆኖ አገኘቻቸው። ወረቀቶቹን አልጣለቻቸውም፤ ፋይል ከፈተችላቸው። መሳቢያዋ ውስጥ ካሉት መታወቂያዎች የሱን ሳታይ የምታወጣበት ጊዜም መጣ፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ ከላይ የምታስቀምጠው እሱን ነው። ፎቶው ላይ የተከሰሰ ሰው ይመስላል። እሷ ግን ትክ ብላ ስታየው ትስቃለች።

አንድ ቅዳሜ ሙጃሂድ ዘጠኙን ገጽ ደንብ ይዞ መጣና፣ አንብበሽ አስተያየት ስጪኝ ብሎ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። ሰው ሁሉ ሦስተኛው ገጽ ሳይደርስ እንደሚሸሽ ስለሚያውቅ፣ መልስ ሳይጠብቅ ሊሄድ ነበር። ሉብና ቆይ አለችው። ቀይ እስክሪብቶ አወጣች። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀባት። ገጽ አምስት ላይ ያለው ከገጽ ሁለት ጋር ይጋጫል፣ "ተሳፋሪ" የሚለው አልተብራራም፣ ገጽ ዘጠኝ ላይ አቻ ከተወጣ ምን እንደሚደረግ አልተጻፈም አለችው። ሙጃሂድ ወንበር ያዘ። ዕድሜ ልኩን ሲያስረዳ ኖሮ፣ እስከ መጨረሻው የሰማው የመጀመሪያ ሰው ፊቱ ተቀምጣ ገጽ ዘጠኝን ትከራከረዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ማሰብ አልቻለም። ይህን ራሱ ነው በኋላ የነገረን፣ ከነቀኑ።

አንቀጽ አሥራ ሦስትም ተሻሻለ። "ቅዳሜ ከሰዓት በፊት፣ ለንባብ ማነቃቂያ ካልሆነ በስተቀር" የሚል ተጨመረበትና ማህተም ተመታበት። በነዚያ ቅዳሜዎች ሁለቱ የሚኒባሱን ጨዋታ ይጫወታሉ። እሷ ስታስብ እሱ በትከሻዋ በኩል እያጮለቀ ስላስቸገራት፣ አንድ ደንብ በእጇ ጻፈችበት፤ ተራው ያልሆነ ተጫዋች ከጠረጴዛው አንድ እርምጃ ይርቃል፣ ባለተራውን አያቻኩልም። ሙጃሂድ በጣም ወደደው። በላስቲክ አሽጎ የጨዋታው ሳጥን ክዳን ላይ ለጠፈው። ያቺ ደንብ ምን ልታመጣ እንደሆነ ማን አወቀ።

ግንቦት ሃያ ቀን ሙጃሂድ ሳጥኑን በሙሉ በአዲስ ወረቀት ጠቅልሎ መጣ። አዳራሹ ለፈተና በሚዘጋጁ ተማሪዎች ጢም ብሏል፤ ሉብና አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ያናግራታል። ሳጥኑን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ፣ "ይሄ ላንቺ ነው። አሁን ተራሽ ነው" አላት። የተዋሰውን መጽሐፍ መልሶ፣ መታወቂያውን እንኳ ሳይቀበል ወጣ።

እዚህ ላይ ለሉብና ልንከራከርላት ይገባል። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ነገር አስቀምጦ "ላንቺ ነው" የሚል ሰው በየወሩ አለ። ጡረታ የወጣው መምህር የድሮ መጻሕፍቱን ሲሰጥ እንደዚያው ነው የሚለው፤ አንድ ድርጅትም ወንበር ሲያመጣ እንደዚያው ነው ያለው። ደግሞ ካርዶቹን በቃሏ ታውቃቸዋለች፤ ሁሉንም ያረመችው እሷ ናት። ምን ብላ ታንብባቸው? በፊታቸው ደፍታ ጀርባ ጀርባቸው ላይ አንድ በአንድ መታችባቸው። መዝገቡ ላይ "የጠረጴዛ ጨዋታ፣ አንድ ሳጥን ከነካርዶቹ" ብላ ጻፈች። ብቸኛ ቅጂ ስለሆነ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀለችው። ከዚያም ለለጋሽ ሁሉ የሚጻፈውን ደብዳቤ ሞልታ፣ ፈርማ፣ በጋሽ ወንድሙ እጅ ላከችለት።

ሳጥኑ ውስጥ ዘጠና ሰባተኛ ካርድ ነበረ። ሙጃሂድ ሦስት ሳምንት የደከመበት የጋብቻ ጥያቄ ነው። ለጥያቄው የደረሰው መልስ ደግሞ እንዲህ ይላል፤ "ላደረጉልን ልገሳ ከልብ እያመሰገንን፣ ወደፊትም ተመሳሳይ ድጋፍዎ እንዳይለየን እንጠይቃለን።"

አንብቦ ቁጭ አለ። እሺ አይልም፣ እምቢ አይልም። ሌላ ሰው ቢሆን ሮጦ ሄዶ ምን ማለትሽ ነው ይላል። ሸህ ደንቡ ግን ደንቡን መረመረ፤ "ወደፊትም" የሚለውን ደህና ምልክት ነው ብሎ ያዘ፤ ደብዳቤውን በላስቲክ አሽጎ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ተራው የሷ ነው። ባለተራ አይቻኮልም። አንድ እርምጃ ራቀ፤ ማለትም ቤተ መጻሕፍት መሄድ አቆመ።

እንዲህ ሆኖ አምስት ሳምንት ቆየ። ወረቀት ሊገዛ ወልድያ ለመሄድ ተነስቶ፣ መታወቂያ የለህም ተብሎ ከኬላ ተመለሰ። መታወቂያው ያለው መሳቢያዋ ውስጥ ነው። ሄደህ ውሰድ እንጂ ስንለው፣ ሄጄ ፊቷ ብቆም ማቻኮል ነው አለን። ከሳ። ዳማ ሲያጫውቱት ደንብ ማስረዳት ተወ። ያኔ ነው የደነገጥነው። ስንት ዓመት ዝም በል ስንለው የኖርነው ሰው ዝም ሲል፣ ከተማው ራሱ የጎደለ መሰለን።

ሉብናም በበኩሏ መሳቢያውን በከፈተች ቁጥር ያ የተከሰሰ ፊት ያያታል። ፊቴን ላለማየት ሲል መታወቂያውን እንኳ ጥሎ ቀረ አለች በሆዷ። ጨዋታውን ለቤተ መጻሕፍት መስጠቱንም እንደ ስንብት ቆጠረችው። አንድ ጊዜ በሱቁ በኩል ልታልፍ አስባ፣ ከመንገዱ ግማሽ ላይ ተመለሰች። ምን ልትለው? ሰውየው ምንም አልጠየቃትም።

በዚህ መሐል ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ሉብናን ለትዳር የሚጠይቅ ሰው ከወልድያ ተላከ። ላኪው የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ቤተሰቡ የታወቀ ነው። አባቷ አቶ አብዱልሐሊም ፍራፍሬ ነጋዴ ናቸው፤ መርሳ ውስጥ ቃላቸው እንደ ውል ይቆጠራል። እሳቸውም የነጋዴው ሽማግሌዎች እሁድ ሰኔ ሃያ ዘጠኝ እንዲመጡ ቀጠሮ ሰጡ። ሐሙስ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከዐስር ሰላት ሲመለሱ ልጃቸውን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት።

"ሉብና፣ አላህ ይመስክር፣ አላስገድድሽም" አሏት። "በልብሽ ያለ ሰው ካለ ዛሬ ንገሪኝ። እሁድ ቃል ከሰጠሁ በኋላ ግን ቃሌን አላጥፍም።"

ሉብና እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጠፈች። በልቧ ሰው ነበረ። ግን ያልጠየቀን ሰው ስም ለአባት እንዴት ይነግሩታል?

"የጠየቀኝ የለም፣ አባ" አለች። እውነቷን ነበር፤ ወይም እውነት መስሏት ነበር። እናቷ ወይዘሮ ሲቲ መጋረጃው ጋ ቆመው ፊቷን አዩና ወደ ጓዳ ገቡ።

ቅዳሜ የዓመቱ ቆጠራ ነበር። በጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ስለቀረው፣ ነገ ሽማግሌ ቢመጣም ሰማይ ቢወርድም ሉብና ትቆጥራለች። ጋሽ ወንድሙ መሰላል ላይ ሆኖ ያቀብላል፣ እሷ ትመዘግባለች። ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ሳጥኑ ወረደ። ልታልፈው ነበር፤ ግን ከነካርዶቹ ብላ ስለመዘገበች ካርዶቹም መቆጠር አለባቸው። የደንቡ መጽሐፍ ገጽ አንድ ላይ፣ "ሳጥኑ ውስጥ ዘጠና ስድስት ካርዶች መኖራቸውን ያረጋግጡ" ይላል። ቆጠረች። ዘጠና ሰባት ሆኑ።

ሰው ቢጎድልበት ይፈልጋል፤ ቢተርፍለት ግን ዝም ብሎ ይሄዳል። ሉብና እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለችም። ደግማ ቆጠረች። ጋሽ ወንድሙን ከመሰላሉ አውርዳ አስቆጠረች። ዘጠና ሰባት። ቁጥር በቁጥር ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው፤ ከአንድ እስከ ዘጠና ስድስት ሞልተው ፊቱን ገና ያላየችው አንድ ካርድ እጇ ላይ ቀረ። ገለበጠችው።

"ካርድ 97። ይህ ካርድ አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል። የደረሳት ተጫዋች ከመርሳ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ከጨዋታው ሠሪ ጋር በአንድ መኪና እንድትጓዝ ትጠየቃለች። ጉዞው ትዳር ነው። እሺ ወይም እምቢ ማለት መብቷ ነው። የጊዜ ገደብ የለውም። ሠሪው ይጠብቃል።"

ጋሽ ወንድሙ ምን ሆንሽ አላት። ካርዱን እንደገና ገለበጠችው። ጀርባው ላይ የራሷ ማህተም፣ ቀጥ ብሎ፣ ቀለሙ ሳይፈስ፣ ግንቦት ሃያ ቀን ይላል። ሳቋ መጣ፣ እንባዋም መጣ፣ የትኛውን እንደምታስቀድም አጣች። ከዚያ ሳጥኑ ክዳን ላይ በእጇ ጽፋ የሰጠችውን ደንብ አነበበች፤ አንድ እርምጃ ይርቃል፣ ባለተራውን አያቻኩልም። ሰውየው አምስት ሳምንት ሙሉ ሲታዘዛት ነው የከረመው።

ካርዱን ይዛ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። ማህተም ያለበት የቤተ መጻሕፍት ንብረት መታወቂያ ሳይያዝ አይወጣም። ተመለሰች፣ የራሷን መታወቂያ ከቦርሳዋ አወጣች፣ መሳቢያው ውስጥ ከሙጃሂድ መታወቂያ ጎን አስቀምጣ ቆለፈችበት። ጋሽ ወንድሙ ዛሬ በስንት ሰዓት ነው የምንዘጋው ብሎ ጠየቃት።

"አሁን" አለች።

ሙጃሂድ የአንድ ተማሪ ሰርተፊኬት እያሸገ ነበር። ሲያያት ከወንበሩ ተነሳ፤ ቀጥሎ፣ እንደ ደንቡ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

"ተው፣ ወደ ኋላ አትበል" አለችው። ካርዱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። "እሺ ነው መልሴ።"

ካርዱን አየው፣ ገለበጠው፣ ማህተሙን አየ። ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ደብዳቤ ተመለከተ። ሉብናም ተከትላ አየችው፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ባለፈው ዓመት ወንበር ለሰጠን ድርጅትም ቃል በቃል ይኸው ነው የተላከለት አለችው። ሙጃሂድ ደብዳቤውን አርባ ጊዜ ያህል አንብቦታል። "ወደፊትም" በሚለው ቃል ብቻ ሁለት ሳምንት ኖሯል።

ከዚያ የወልድያውን ነገር ነገረችው፤ ነገ ሽማግሌ ይገባል፣ አባቴ ቃል ከሰጡ አበቃ አለችው። ክቡር ዳኛ ገርጥተው፣ ሽማግሌ ለመላክ መጀመሪያ ሰው ይመረጣል፣ ከዚያ አስቀድሞ ይነገራል፣ ከዚያ ቀጠሮ ይያዛል እያሉ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።

"ሙጃሂድ" አለችው፣ በዚያች ሰው ከአዳራሽ በምታስወጣበት ድምፅ። "አሁን ደንቡን እኔ ላስረዳህ።"

ከዐስር ሰላት በኋላ የሙጃሂድ አጎት፣ አንድ ጎረቤትና ጋሽ ወንድሙ ከአቶ አብዱልሐሊም በር ቆሙ። ቁጭ በሉ ቢባሉም ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። አቶ አብዱልሐሊም ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ነገ የሚመጡ እንግዶች አሉብኝ አሉ። ደግሞም ያ ልጅ ዳይስ ወርዋሪ ነው ይባላል፣ ልጄን ለቁማርተኛ አልሰጥም አሉ።

"ሐጅ አይበሉኝ ሸህ አይበሉኝ፣ እኔ ጥበቃ ነኝ" አለ ጋሽ ወንድሙ። "የማውቀውን ግን ልንገርዎት። ያ ልጅ በሳንቲም ተጫውቶ አያውቅም። ጥፋቱ ማስረዳቱ ነው።" ካርዱን አውጥቶ በሁለት እጁ አቀበላቸው።

አቶ አብዱልሐሊም መነጽራቸውን አድርገው ፊቱን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ገልብጠው ማህተሙን አዩ። ልጃቸውን አስጠሩ።

"የጠየቀኝ የለም አላልሽኝም?"

"ጠይቆኝ ነበር፣ አባ" አለች፣ መሬት መሬት እያየች። "ሳላነበው ማህተም መታሁበትና መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።"

ከመጋረጃው ጀርባ የወይዘሮ ሲቲ ሳቅ ተሰማ። አቶ አብዱልሐሊም አልሳቁም። ጣታቸውን ቀኑ ላይ አደረጉ። ግንቦት ሃያ። የወልድያዎቹ መልእክት የመጣው ሰኔ አሥራ ሁለት ነው። እሳቸው የሃይማኖት ሰው ናቸው፤ አንድ ሙስሊም ጠይቆ መልስ ሳያገኝ፣ ሌላው በላዩ ላይ መጠየቅ እንደሌለበት ያውቃሉ። እሳቸውም ገና ቃል አልሰጡም። ሰው ቢምልላቸው ላያምኑ ይችሉ ነበር፤ የልጃቸው ማህተም ግን በዚህ ከተማ እንደማይዋሽ ማንም ያውቃል። ያን ያህል ጊዜ ነገሩን ደብቆ ያቆየ ማህተም አሁን ቀድሞ መጠየቁን መሰከረ።

"ተቀመጡ" አሉ ሽማግሌዎቹን። "ወልድያዎቹን እኔው ራሴ ደውዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዳይሷ ግን እዚህ ቤት አትገባም።"

ሙጃሂድ ይህን ሲሰማ አንድ ሌሊት እንኳ አላሳደረም። ዳይሷን አውጥቶ፣ በምትኩ ከቤተ መጻሕፍት የተጣሉ የወንበር ቁጥሮችን በከረጢት ሞልቶ፣ ቁጥር በእጅ እንዲወጣ አደረገ። ገጽ ሁለትም ተሻሻለ። ሉብና በቀይ አረመችው።

ኒካሁ የታሰረው በነሐሴ ነው፤ ከተማው ግማሹ ነበረ። ሉብና ከሴቶቹ ጋር ከውስጠኛው ክፍል ነበረች። ዝናቡ ሊጥል አኮብኩቧል፣ የምሳው ሽታ ከዳሱ ገብቷል፣ እኛም ርቦናል። ሸሁ ውሉን ማንበብ ጀምረው፣ ሁኔታችንን አይተው ሳይሆን አይቀርም፣ ሌላው የታወቀ ስለሆነ እንለፈው አሉ። ሁላችንም አሚን ልንል አፋችንን ከፈትን። ሙጃሂድ አንገቱን ደፍቶ፣ ሸህ፣ ካላስቸገርኩ ሙሉው ቢነበብ ማለት ጀመረ፤ በራሱ ሠርግ እንኳ አፍሮ ድምፁ መሐል ላይ ጠፋ። ያን ጊዜ ከውስጠኛው ክፍል፣ ከበሩ ጀርባ፣ ያች ዝቅ ያለች ድምፅ መጣች።

"ሙሉው ይነበብልን።"

ሸሁ ወረቀቱን መልሰው ከመጀመሪያው አነበቡት፣ ቃል ሳይዘሉ። ረጅም ነበር። ዝናቡ ጣለ፣ ወጡ ቀዘቀዘ፣ ልጆች አለቀሱ። ሙጃሂድ እያንዳንዷን አንቀጽ ራሱን በእሺታ እየነቀነቀ ይሰማል፤ በሩ ጀርባም አንድ ሰው እንደዚያው እያደረገች እንደሆነ አንጠራጠርም። ያን ቀን ስልክ ተደወለልኝ ብሎ የተነሳ ሰው አልነበረም።